ያለ ካስክ፣ ያለ ቢጎዲን የድሮ የሆሊውድ የፀጉር ሞገድ

ቢጎዲን አድርጎ ማደር የማይመቻችሁ፣ 6 ያህል ንጹህ የጥጥ ካልሲ ይበቃችኋል። ፀጉራችሁ ታጥቦ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ወደ ጎን ክፈሉት። አራት ጣት ስፋት ያለውን ዘለላ ከጫፉ ጀምራችሁ ካልሲው ላይ እስከ ሥሩ ጠቅልሉና የካልሲውን ሁለት ጫፍ ቋጥሩ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቅለል፤ ከተቀላቀለ ሞገዱ አይገጥምም፣ ዝም ብሎ ይንጨባረራል። ፀጉር ተጠቅልሎ ሲደርቅ ቅርፁን ይይዛል፣ ጥጡ ደግሞ እርጥበቱን ይመጥለታል። ጠዋት መሃሉን ዳብሱት፤ ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀምና አትፍቱት። ከፈታችሁ በኋላ በብሩሽ በደንብ አበጥሩ። ብዙ ሰው እንዳይበላሽበት ብሎ ይዘለዋል እንጂ ጥቅልሉ ሞገድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ፔስትራ የተሠራ ፀጉር ከሆነ ግን ውሃ አታስነኩት፣ ይመለሳል። የፔስትራው ሙቀት ሳይወጣለት ደረቁን ጠቅልላችሁ እስኪበርድ ተዉት።