ስልሳ አምስት ዓመት ሲቃረብ፦ ሜዲኬርን በጊዜው ለመያዝ

አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ሰው ስልሳ አራት ዓመት እንደሞላው የፖስታ ሣጥኑ መጨናነቅ ይጀምራል። ከመንግሥት የተላከ የሚመስል ፖስታ፣ በትልልቅ ፊደል «የመጨረሻ ማሳሰቢያ» የሚል ካርድ፣ ፈገግ ያሉ አረጋውያን ፎቶ ያለበት ብሮሹር ይደራረባል። አብዛኛው ከግል ኢንሹራንስ ሻጮች የሚመጣ በመሆኑ የትኛውን ፕላን እንደሚገዙ ይነግርዎታል እንጂ፣ በየትኛው ወር መመዝገብ እንዳለብዎና ወሩ ካለፈ ምን እንደሚከተል እምብዛም አይነግርዎትም። በእኔ አስተያየት ግን የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የሆነውን ሜዲኬርን በሚመለከት ሰው በብዛት የሚጎዳው በፕላን ምርጫ ሳይሆን በቀን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ሁለት የሚቀላቀሉ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታን ከ62 ዓመት ጀምሮ መቀበል ይቻላል፤ ሙሉው ክፍያ የሚገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው በ67 ዓመቱ ነው። በ1965 በሕግ የተቋቋመው ሜዲኬር ግን ከጡረታው ጋር አይሸጋሸግም፤ የአካል ጉዳትና አንዳንድ ከባድ ሕመሞች ካልኖሩ በስተቀር የሚጀምረው በ65 ነው። ስለዚህ «ጡረታ ስወጣ አስብበታለሁ» የሚል ሰው ሁለት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ከ65ኛ ዓመቱ ቢያንስ አራት ወር አስቀድሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ መቀበል የጀመረ ሰው ብቻ ሳያመለክት ይመዘገባል፤ ሌላው ራሱ ማመልከት አለበት።

ቀጥሎ የሚጣራው የሥራ ታሪክዎ ነው። የሆስፒታል ሽፋን የሚሰጠውን ፓርት ኤ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ግብር የተከፈለበት የአሥር ዓመት ያህል ሥራ ያስፈልጋል። በዓመት ከአራት ክሬዲት በላይ አይገኝም፤ በ2026 አንዱ ክሬዲት የሚገኘው በ1,890 ዶላር ገቢ ነው። ታክሲ ለሚነዱና በራሳቸው ሥራ ለሚተዳደሩ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ጉድጓድ አለ። ክሬዲቱ የሚታሰበው በጠቅላላው ገቢ ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ በሚቀረው የተጣራ ትርፍ ላይ ስለሆነ፣ ለዓመታት ግብር እንዳይበዛበት ወጪውን እያበዛ ትርፉን ወደ ዜሮ ሲያስጠጋ የኖረ ሰው፣ ሃያ ዓመት ሠርቶም ክሬዲቱ ጎድሎ ሊያገኘው ይችላል። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ የራስዎን አካውንት ከፍተው መዝገቡን ቢያንስ በስልሳ ዓመትዎ ቢመለከቱ፣ የጎደለውን ለመሙላት ጊዜ ይኖርዎታል።

የራሱ ክሬዲት ያልሞላለት ሰው በትዳር ጓደኛው የሥራ ታሪክ ፓርት ኤን በነፃ ሊያገኝ ይችላል፤ የትዳር ጓደኛው ግን ቢያንስ 62 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በልጆቻቸው አማካይነት በግሪን ካርድ የመጡና እዚህ ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ደግሞ 65 ዓመት ከሞላቸውና በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ ሜዲኬርን ከፍለው መግባት ይችላሉ። ለእነርሱ ፓርት ኤ በ2026 በወር 565 ዶላር ስለሚያስከፍል፣ ብዙ ቤተሰብ አቅሙን አይቶ የሐኪም ሕክምናን የሚሸፍነውን ፓርት ቢን ብቻ ይገዛል። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ የመኖሪያ ፈቃድን በሚመለከት ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ሜዲኬርን ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና በሕጉ ለተዘረዘሩ ጥቂት ሌሎች ብቻ ስለወሰነው፣ ጥገኝነት የተፈቀደላቸው፣ በስደተኛነት የገቡና ቲፒኤስ በተባለው ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ ያሉ ሰዎች ለሜዲኬር ከሚያመለክቱበት ጊዜ አስቀድመው የግሪን ካርዳቸውን ጉዳይ መጨረስ ይኖርባቸዋል። ከእነዚሁ መካከል ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሜዲኬር ውስጥ የገቡት ደግሞ ሽፋናቸው በጃንዋሪ 2027 መጀመሪያ ላይ ሊቋረጥ ስለሚችል ከወዲሁ የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩ ይበጃል።

ሜዲኬር በፊደል የተከፋፈለ ነው። ፓርት ኤ ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን፣ ፓርት ቢ የሐኪም ቤት ቀጠሮን፣ ምርመራንና ተመላላሽ ሕክምናን፣ ፓርት ዲ ደግሞ መድኃኒትን ይሸፍናሉ። የፓርት ቢ መደበኛ ወርሃዊ ክፍያ በ2026 202.90 ዶላር ሲሆን፣ በዓመቱ የመጀመሪያውን 283 ዶላር ከኪስዎ ከከፈሉ በኋላ ከመቶ ሰማንያውን ሜዲኬር ይከፍላል፤ ቀሪው ሃያ የእርስዎ ዕዳ ነው። ይህ ከመቶ ሃያ ጣሪያ የለውም። ገቢዎ ከፍተኛ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል፤ የሚታየውም የሁለት ዓመት በፊት ገቢ ስለሆነ፣ ሥራ አቁመው ገቢዎ የቀነሰ እንደሆነ ኤስኤስኤ-44 በተባለው ቅጽ እንዲታረምልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። የመጀመሪያው የምዝገባ ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ 65 ዓመት ከሚሞላበት ወር በፊት ያሉት ሦስት ወራት፣ ወሩ ራሱና ከእርሱ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት። ከልደት ወርዎ በፊት ባሉት ወራት ከተመዘገቡ ሽፋኑ ሳይዘገይ ይጀምራል። ከእኛ መካከል ለብዙዎች የሚጠቅም አንድ ዝርዝር እዚህ አለ። የልደት ሰነድ ሳይኖራቸው በመምጣታቸው ወረቀታቸው ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ የተጻፈላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በወሩ የመጀመሪያ ቀን የተወለደ ሰው ሜዲኬር የሚጀምርለት ከልደቱ ወር በፊት ባለው ወር በመሆኑ፣ ለእነዚህ ሰዎች ሽፋኑ የሚጀምረው ዲሴምበር 1 ሲሆን የሰባቱ ወር ምዝገባም ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ነው። እናት የምታስታውሰው ወይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁት ዕድሜ ዋጋ የለውም፤ የሚቆጠረው ሶሻል ሴኩሪቲ ዘንድ የተመዘገበው ነው።

በሰባቱ ወር ሳይመዘገብ የቀረና ሌላ ተቀባይነት ያለው ምክንያት የሌለው ሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ያለውን ዓመታዊ ምዝገባ ይጠብቃል። ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ አሥራ ሁለት ወር በፓርት ቢ ክፍያው ላይ አሥር ከመቶ ይጨመርበታል። ይህ ጭማሪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ መቀጫ አይደለም፤ ፓርት ቢ እስካለ ድረስ በየወሩ የሚከተል ነው።

ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች ዋናው የራስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ በሥራ ላይ መሆን ነው። መሥሪያ ቤቱ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉትና ኢንሹራንሱ በዚያ ሥራ በኩል ከሆነ፣ ፓርት ቢን ያለ ቅጣት ማቆየት ይችላሉ፤ ሥራው ወይም ኢንሹራንሱ ካበቃ በኋላም ስምንት ወር ይሰጥዎታል። ከ20 በታች ሠራተኞች ባሉት ቦታ ግን ሜዲኬር ቀዳሚ ከፋይ ስለሚሆን፣ የሥራው ኢንሹራንስ ሜዲኬር ሊከፍለው ይገባ የነበረውን ሂሳብ አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ለአለቃዎ ሳይሆን ለሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ «ሠራተኞቻችን ስንት ናቸው? ሜዲኬር ለእኔ ቀዳሚ ነው ወይስ ተከታይ?» ብለው ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ኮብራ ነው። ሥራ ከለቀቁ በኋላ የድሮውን ኢንሹራንስ በራስ ገንዘብ እየከፈሉ መቀጠል ሽፋን ቢሆንም፣ በሜዲኬር ዓይን በሥራ ላይ እንዳለ ሰው አያስቆጥርም። በ66 ዓመቱ ሥራ አቁሞ የኮብራውን አሥራ ስምንት ወር ተጠቅሞ የሚመጣ ሰው፣ ስምንቱ ወር ድሮ ማለፉን የሚያውቀው ማመልከቻው ሲመለስለት ነው። ሌላው ጥንቃቄ ኤችኤስኤ የተባለው የጤና ቁጠባ ላላቸው ነው፤ ከ65 በኋላ ሲያመለክቱ ፓርት ኤ እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚጀምር፣ ከማመልከቻው ስድስት ወር በፊት ወደዚያ ሂሳብ ገንዘብ ማስገባት ማቆም አለባቸው።

ከተመዘገቡ በኋላ ሁለት መንገድ ይጠብቅዎታል። አንደኛው መደበኛውን ሜዲኬር ይዞ፣ ያን ከመቶ ሃያ የሚሸፍን ሜዲጋፕ የሚባል የግል ተጨማሪና የፓርት ዲ ፕላን መግዛት ነው። ሁለተኛው ሁሉንም በአንድ የግል ድርጅት በኩል የሚያቀርበው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው። አድቫንቴጅ ብዙ ጊዜ ከፓርት ቢ በላይ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ የጥርስና የመነጽር ጥቅምም ይጨምራል፤ በዓመት ከኪስ ለሚወጣው ወጪም ጣሪያ አለው። በምትኩ የተወሰኑ ሐኪሞች ዘንድ ብቻ እንዲሄዱና ለብዙ ሕክምና አስቀድመው ፈቃድ እንዲጠይቁ ያደርጋል። ሜዲጋፕ በየወሩ ያስከፍላል፤ ሜዲኬርን የሚቀበል ሐኪም ዘንድ ሁሉ ግን ያስኬዳል።

እኔ ቢጠይቁኝ፣ አቅም ያለው ሰው ሜዲጋፕን በመጀመሪያው ዓመት በጥሞና እንዲያየው እመክራለሁ። በ65 ፓርት ቢ ከጀመረበት ወር አንሥቶ ባለው ስድስት ወር ውስጥ ድርጅቱ ስለ ሕመምዎ ጠይቆ ሊከለክልዎ አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ሰው አንቀበልም ማለት ይችላል። ከአድቫንቴጅ ወደ መደበኛው ሜዲኬር መመለስ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ይቻላል፤ ሜዲጋፑን ማግኘት ነው የሚቸግረው።

መድኃኒት ባይወስዱም እንኳ ፓርት ዲን አይዝለሉት፤ ተመጣጣኝ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖር ወራት ካለፉ ቋሚ ቅጣት ይከተላል። በ2026 ፕላኑ ለሚሸፍናቸው መድኃኒቶች ከኪስ የሚወጣው በዓመት ከ2,100 ዶላር አያልፍም፤ በፕላኑ የተካተተ ኢንሱሊንም በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም።

በዓመት ጥቂት ወራት አዲስ አበባ ለመቆየት ያሰበ ሰው መደበኛው ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር እንደማይከፍል ይወቅ። እንደ ጂ እና ኤን ያሉ የሜዲጋፕ ፕላኖች በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚገጥም ድንገተኛ ሕመም፣ ከ250 ዶላር በኋላ ሰማንያ ከመቶውን፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር ይከፍላሉ። ከዚያ ለሚረዝም ቆይታ የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግድ ነው። ውጭ አገር እቆያለሁ ብሎ ፓርት ቢን ማቋረጥም ሲመለሱ የዘገየ ምዝገባ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው በግዛቱ የሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ቢሮ በኩል የፓርት ቢን ክፍያ የሚሸፍን እርዳታ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ በኩል ደግሞ ለመድኃኒት «ኤክስትራ ሄልፕ» የተባለውን ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ፕላን ለመምረጥ በየግዛቱ ሺፕ በሚል ስም የሚታወቅ፣ ምንም የማይሸጥ ነፃ የምክር አገልግሎት አለ፤ ወደ 1-800-633-4227 ሲደውሉም የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለሶሻል ሴኩሪቲ ነው፤ ከሥራ በኋላ የሚመዘገብ ሰው አሠሪው የሚሞላውን ሲኤምኤስ-ኤል564 ቅጽ አብሮ ያስገባል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለው የወረቀት ካርድ በፖስታ ሲደርስዎ የአባትዎና የአያትዎ ስም ቦታ አለመለዋወጡን፣ ፊደሉም ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎ ጋር አንድ መሆኑን፣ የፓርት ኤና የፓርት ቢ መጀመሪያ ቀኖችም እርስዎ ካሰቡት ጋር መግጠማቸውን ይመልከቱ፤ ስህተት ካለ የመጀመሪያውን የሐኪም ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ያስታርሙ።