ሌንሱ ግማሽ ላይ የሚቆም ካሜራ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምትኖሩ አቧራውን ታውቁታላችሁ። የኪስ ዲጂታል ካሜራ ካላችሁ ይሄ ይጠቅማችኋል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ሲበራ ሌንሱ ግማሽ ድረስ ይወጣል፣ ቅርርር ይላል፣ ከዚያ «ሌንስ ኤረር» ብሎ ድርግም ይላል።

መጀመሪያ ባትሪውን ሞላሁት፤ ደካማ ባትሪም ይህንን ያመጣል ስለሚባል። ለውጥ የለም። ሜሞሪ ካርዱን አውጥቼ ባዶውን ሞከርኩ፣ ባትሪውን አውጥቼ አሳደርኩት፣ ያው ነው። ጥገና ቤት ደግሞ ሌንሱ በሙሉ ይቀየር አሉኝ፤ ዋጋው ካሜራውን ራሱን ሊገዛ ምንም አይቀረው።

ከዚያ በስልኬ መብራት ሌንሱን በጎን አየሁት። በሁለቱ ቀለበቶች መሀል ባለችው ቀጭን ክፍተት ቀላ ያለ አቧራ ጥቅጥቅ ብሏል፣ አንዲት የአሸዋ ፍሬም ተሰንቅራለች።

የሠራው ይሄ ነው፦ ካሜራው ጠፍቶ፣ ሌንሱን ወደ መሬት ደፍቼ፣ ቀጭን ወረቀት ክፍተቱ ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ጠረግኩ፤ በየመሀሉ በእጅ በሚጨመቅ ትንሽ የላስቲክ መንፊያ ነፋሁት። ከዚያ እንደተደፋ አበራሁት። አሸዋዋ ወደቀች፣ ሌንሱም እስከ መጨረሻው ወጣ።

ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉት፣ አቧራውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ዘይትም አትቀቡት። ሽፋኑን ደግሞ በፍጹም አትፍቱ! ባትሪው ወጥቶም የፍላሹ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አሁን ዙሙ ያለ ድምፅ ይሄዳል፣ ካሜራው የሚቀመጠውም ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ነው።