ደሴ ተቀምጦ የቴክ ኢንተርቪው ማለፍ

ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቀው ደሴ ቤተሰብ ጋር ሆነው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ምን ላጥና?" ብለው ነው። አጥኑ፣ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው አፉን ዘግቶ ስለሚሠራ ነው።

ከሁሉም በፊት የቪዲዮ ኢንተርቪውን ሰዓት አጣሩ። ግብዣው ላይ 3 ፒኤም ካለ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የውጭ ካምፓኒ በዩቲሲ (UTC፣ የዓለም መነሻ ሰዓት) ከጻፈ 3 ሰዓት ጨምሩበት፤ 12 ዩቲሲ ማለት እዚህ ያው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እንደ ቀላል አትዩት፣ በዚህ ብቻ ዕድሉ የሚያመልጠው አለ።

ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ ስልካችሁ ላይ ዳታ ግዙና ሆትስፖቱን ቀድማችሁ ሞክሩት። ፒያሳ ካፌ ውስጥ እሠራዋለሁ የምትሉ ተውት፣ ባጃጁና ሙዚቃው አያስወራችሁም። መብራት ከሄደም በግልጽ "መብራት ሄዶብኛል፣ ቪዲዮውን ልዝጋው" በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

አሁን ወደ ዋናው። "10,000 ስልክ ቁጥር አለ፤ ሁለቴ የተመዘገበ ካለ አግኝ" ተባላችሁ እንበል። ወዲያው ኮድ አትጀምሩ። ጠይቁ፦ ቁጥሮቹ በ09 ነው በ251 የተጻፉት? ተቀላቅለው ከሆነስ? ይሄን መጠየቃችሁ ብቻ ግማሽ መንገድ ይወስዳችኋል። ቀጥሎ ቀላሉን መንገድ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ እያንዳንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር፣ ወደ 50 ሚሊዮን ንጽጽር ሊደርስ ይችላል። ከዚያ "ያየሁትን ሁሉ ሴት (set፣ አንድን ነገር ሁለቴ የማይዝ የዳታ ማስቀመጫ) ውስጥ ካስቀመጥኩ ዝርዝሩን አንዴ ብቻ ማለፍ ይበቃል፣ ግን ተጨማሪ ሜሞሪ ይወስዳል" በሉ። ጠያቂው ሊሰማ የፈለገው ይቺን "ግን" ነው። መንገዱ ከጠፋባችሁም የት ጋ እንደጠፋባችሁ ንገሩት፣ ፍንጭ ይሰጣችኋል። ዝም ካላችሁ ምን ይርዳችሁ?

ሌላው የጨዋነታችን ጣጣ ነው። እኛ ጋ "እኔ" ማለት ጉራ ስለሚመስለን ፕሮጀክታችንን ሁሉ "ሠራነው" እንላለን። ኢንተርቪው ላይ ይሄ አይሠራም። "ዳታቤዙን ጓደኛዬ፣ የክፍያውን ክፍል እኔ" ብላችሁ ለዩት። ጓደኛን ሳትክዱ የራሳችሁን መናገር ይቻላል። ሲቪ ላይ ያልነካችሁትን ቋንቋ አትደርድሩ፣ ከዚያው ነው የሚጠይቋችሁ።

ሥራ ስትገቡም ጠላታችሁ "እሺ" ነው። ሳይገባችሁ እሺ አትበሉ። ግማሽ ሰዓት ታግላችሁ ካልሆነ ጠይቁ፤ ግን "አልሠራልኝም" ብቻ ብላችሁ አትላኩ። ምን ሞከራችሁ፣ ምን ኤረር መጣ፣ ምን ትጠረጥራላችሁ፤ ሦስቱን ጻፉ። ኮዳችሁ ላይ አስተያየት ሲበዛ ደግሞ አትከፉ፣ የሲኒየሮቹም ያው ነው።

ደመወዝ ሲነገራችሁ የተጣራ ነው ያልተጣራ ብላችሁ ጠይቁ። አገር ውስጥ ያለ የግል ድርጅት ከሆነ ከግብሩ ሌላ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። የሙከራ ጊዜም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ውሉ ላይ 6 ወር የሚል ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አንሱት።