ድሬ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ባንዴ ለምታስነሱ

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። 16 ጊጋባይት ራም አለኝ ብላችሁ ሁሉንም ለማሽኖቹ አታከፋፍሉ። ለዋናው ሲስተም ቢያንስ 4 ተዉለት፤ አለዚያ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ዴስክቶፕ ለሌለው (በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ለሚሠራ) ሊኑክስ 1 ጊጋ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ትልቁ ጣጣ ግን መብራት ነው። ቨርቹዋልቦክስ (ማሽኖቹን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ማሽኑን "ፖዝ" አድርጋችሁ ቡና ለመጠጣት ብትወጡ አያድናችሁም። ሥራው ያለው ራም ላይ ነው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። "ሴቭ ስቴት" በሉት፤ ያኔ ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። እኔ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ግማሽ ቀን የለፋሁበትን ካጣሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ስታስነሱም አንድ በአንድ ይሁን። ከባዱን ሥራ ደግሞ ለማታ አቆዩት፤ በቀትር የድሬ ሙቀት ፋኑ እንደ ባጃጅ ነው የሚጮኸው።