ፔሪ ኮሞን ከየት ልጀምር ለምትሉ

አሜሪካዊውን ዘፋኝ ፔሪ ኮሞን መጀመሪያ ያደመጥኩት ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ምርጥ ዘፈኖቹ የታጨቁበት ስብስብ ላይ ዘው አልኩ። ለስላሳ ዘፈን በላይ በላዩ ሲወርድባችሁ ሁሉም አንድ ይመስላል። ስብስቡን ተዉትና ዓመቱን ተከትላችሁ ሂዱ።

መነሻችሁ እ.ኤ.አ. 1943 ይሁን። በፔንሲልቬንያዋ ካኖንስበርግ ጸጉር አስተካካይ የነበረው ኮሞ ከሸክላ አሳታሚው አርሲኤ ቪክተር ጋር የፈረመው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ከቴድ ዊምስ ባንድ ጋር የተቀረጹትን ለጊዜው እለፏቸው፤ እነሱ ላይ ጌታው ባንዱ ነው።

በአርሲኤ የመጀመሪያው ሸክላ «ጉድባይ ሱ» ነው። አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የለበትም። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ከነሐሴ 1942 ጀምሮ አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከልክሎ ነበር። እገዳው ዘፋኞችን አይነካም። ስለዚህ በኦርኬስትራው ቦታ ተቀባዮች ቆሙ። ይህን ሸክላ ሦስቴ ስሙት። አንዴ ለዜማው፣ አንዴ ትንፋሽ የት እንደሚወስድ ለመያዝ፣ አንዴ ደግሞ የቃሉን መጨረሻ እንዴት እንደሚያሳርፍ። መሣሪያ ስለሌለ የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ቀጥሎ 1945። መጀመሪያ የፖላንዳዊውን አቀናባሪ የሾፓንን ፖሎኔዝ (የፖላንድ ጭፈራ ምት ያለው ሙዚቃ) በፒያኖ ስሙ፤ ቁልፉ ኤ-ፍላት ሜጀር የሆነውን። ከዚያ «ቲል ዘ ኤንድ ኦፍ ታይም»ን ክፈቱ። ዜማው ያው ነው። ፒያኖው የሚፎክርበትን ኮሞ በጆሮ እንደሚነግር ሰው ያወጣዋል። ዝግ ያለ ድምፅ እንዲሰማ ያደረገውን ማይክሮፎን ማመስገን ነው። እናንተም ድምፁን ቀንሱት። እኔ ስጨምረው ቫዮሊኖቹ ይጋርዱብኛል፤ ስቀንሰው ሰውዬው ቀረብ ይላል።

የ1950ዎቹን የቀልድና የማምቦ (የኩባ ጭፈራ ምት) ዘፈኖች እኔ ብዙም አልወዳቸውም። ስሜት ከሰጧችሁ ስሙ። 1958ን ግን እንዳትዘሉ። የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ብዙ ለተሸጠ ሸክላ የሚሰጠውን የመጀመሪያውን የወርቅ ሸክላ የሰጠው ለ«ካች ኤ ፎሊንግ ስታር» ነው። ሸክላውን ገልብጡት፤ በጀርባው የዘፈን ደራሲዎቹ የባካራክና የዴቪድ «ማጂክ ሞመንትስ» አለ። ለኔ ጀርባው ይበልጣል። በነገራችን ላይ ሽፋኖቹ ላይ «ሬይ ቻርልስ ሲንገርስ» የሚል ካያችሁ ያ የምታውቁት ፒያኒስት አይደለም፤ ስሙን የሚጋራ የመዘምራን መሪ ነው። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ የፒያኒስቱን ድምፅ ስፈልግ አድሬያለሁ።

ኮሞ በ1965 የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ ወደሆነችው ናሽቪል ሄዶ ከጊታሪስቱ ቼት አትኪንስ ጋር የሠራውን አልበም ለመኪና መንገድ አስቀምጡት።

መጨረሻ ላይ የ1970ው «ኢትስ ኢምፖሲብል» ይምጣ። ዜማው የሜክሲኮው አርማንዶ ማንዛኔሮ ነው። ኮሞ 58 ዓመቱ ነበር። እሱ እንዳለቀ ሌላ ሳታስገቡ ወደ «ጉድባይ ሱ» ተመለሱ። መሐላቸው 27 ዓመት አለ። ድምፁ ወፍሯል። የቃል መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን አሁንም አይቸኩልም።