የመኪናን የፊት ቀለም ከጠጠር እንዴት መጠበቅ ይቻላል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አሽከርካሪዎች

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ደንገጎን ሲወጡም ሆነ በደወሌ መስመር ወደ ጅቡቲ ድንበር ሲነዱ፣ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ጎማው ያነሳውን ጠጠር ወደ ኋላ ይወረውራል። ጠጠሩ የሚያርፍበት ቦታ የታወቀ ነው፦ ፓራውልቱ፣ የኮፈኑ የፊት ጠርዝ፣ የስፖኪዮው ጀርባ፣ ከፊት ጎማ ኋላ ያለው የበሩ ታችኛ ክፍል።

የፋብሪካ ቀለም ከስሩ ካለው መነሻ ቀለም (ፕራይመር) እና ከላይ ካለው ግልጽ ሽፋን (ክሊር) ጋር ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ሁለት የራስ ፀጉር ቢደራረብ ያን ያህል ይሆናል። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለሙ ቢረግፍ መልኩ ይበላሻል እንጂ አይዝግም። ኮፈን ግን በአብዛኛው የብረት ላሜራ ነው። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁስል እንኳ ላሜራው ድረስ ከወረደች እርጥበት በቀለሙ ስር እየሰረገ ያዝገዋል፤ ውሎ አድሮ ዙሪያው ያብጥና ቀለሙ ይነሳል። ያኔ በብሩሽ ነካ አድርጎ ማዳን አይቻልም፤ ኮፈኑ ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት። ስለዚህ ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ኮፈኑን ያስቀድሙ።

ሴራሚክ ኮቲንግ ጠጠር አያቆምም። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ውሃና አቧራ በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል፤ ለዚያ ጥሩ ነው። «ከጠጠር ይከላከላል» ብሎ የሚሸጥልዎን ግን አይመኑ። ጠጠር የሚያቆመው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ግልጽ የፖሊዩሬቴን ፊልም ነው፤ እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ ምቱን ይውጠዋል። ለጌጥ የሚለጠፈው ባለቀለም ስቲከር ከዚህ በግማሽ ያህል ይቀጥናል። ርካሹ የፒቪሲ ላስቲክ ደግሞ በድሬ ፀሐይ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ሊያነሱት ሲሞክሩም እየተቆራረጠ ሙጫውን ኮፈኑ ላይ ይተዋል። ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ቁራጭ ጠይቀው በሁለት እጅ ይሳቡት። ተለጥጦ ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ትክክለኛው ነው፤ እንደተሳበ ከቀረ ይተዉት።

እጥበት

ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት፣ ጥላ ስር፣ ኮፈኑ ሲነካ ቀዝቃዛ ሳለ ይጠቡ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አሸዋውን ያውርዱ፤ አሸዋ ያለበትን መኪና በጨርቅ መጥረግ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። የሬንጅ ጠብታ ካለ ጨርቅ በነጭ ጋዝ እርጠብ አድርገው ያንሱትና ቦታውን ወዲያው በሳሙና ይጠቡ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ኮፈን ላይም ይቀራል፣ በጥቁር መኪና ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በራሱ እንዲደርቅ ሳይተዉ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቁት።

ቁስሉን መዝጋት

ያልተዘጋ ቁስል ላይ ፊልም መለጠፍ ዝገቱን አፍኖ ማሳደግ ነው። የእጅ ስልክ መብራት በጎን አብርተው ኮፈኑን በየጥግ ይዩ። ቁስሉ ግራጫ ከሆነ ፕራይመሩ አለ፣ ላሜራው አልተነካም። የሚያብለጨልጭ ወይም ቡናማ ከሆነ ላሜራው ተገልጧል።

ቀለም ለመግዛት የቀለሙን ኮድ ይዘው ይሂዱ። ቶዮታ ላይ በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም በሞተር ክፍሉ ውስጥ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ ለምሳሌ 040 ነጭ ነው፣ 1ኤፍ7 ብርማ፣ 202 ጥቁር። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ፀሐይ የበላው ኮፈን ላይ በኮድ የተቀመመ ቀለም እንኳ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል መጀመሪያ ካርድ ላይ ቀብተው፣ ሲደርቅ ኮፈኑ አጠገብ አስጠግተው ያስተያዩ።

ቦታውን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ያጽዱ። ዝገት ካለ ቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት በእርሳስ ጫፍ ልክ ቆርጠው፣ እርሳሱ ጫፍ ላይ ለጥፈው፣ ቁስሉ ውስጥ ብቻ እያዞሩ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፈግፍጉ። ከዚያ አንድ ጠብታ አንቲረስት ፕራይመር በስቴኪኒ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ያኑሩ። ከቀለሙ ቆርቆሮ ጋር የሚመጣውን ብሩሽ አይጠቀሙ፤ ከቁስሉ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጤነኛው ቀለም ላይ ጉብታ ይሠራል። ፕራይመሩ ሲደርቅ ቀለሙን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ እየጠበቁ፣ በስሱ ይሙሉ። ቀለም ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ በአንድ ጊዜ የተሞላ ጉድጓድ ማግስቱን ጎድጉዶ ይገኛል። ፀሐይ ላይም አይሥሩ፦ ሙቀቱ ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ውስጡ የታፈነው ቲነር መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ነፍቶ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይበሳሳዋል። ድሬ ላይ በእጅ የተሠራ ጥገና በዚህ ምክንያት ሊበላሽ ይችላል። መጨረሻ ላይ ክሊሩ ከዙሪያው ቀለም በጥቂቱ ከፍ እስኪል ይሙላ። ከ24 ሰዓት በኋላ በሳሙና ውሃ በረጠበ ቁጥር 2000 ከዚያም 3000 ወረቀት ያስተካክሉና በፖሊሽ ያብሱ። ቢያንስ አንድ ወር ሳያልፍ ፊልም አይለጠፍበት።

ፊልሙን መለጠፍ

ፓራውልት ጥምዝ ስለሚበዛበት ልምድ ላለው ሰው ይተዉት። ኮፈኑን ግን ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ይቻላል። ለትንሽ የቤት መኪና 150 በ45 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ የኮፈኑን ፊት ይሸፍናል፤ ልኩን ግን አስቀድመው በጋዜጣ ወረቀት ያውጡ። ፊልሙ ያለቀበት መስመር ጊዜ ሲያልፍ አቧራ ይዞ ስለሚታይ፣ አቅም ካለ ሙሉ ኮፈን መሸፈን ይሻላል።

ኮፈኑ አስቀድሞ ተቀብቶ እንደሆነም ያረጋግጡ። በኮፈኑ ዙሪያ ባሉት የላስቲክ ማሸጊያዎችና በማሰሪያ ብሎኖቹ ላይ የቀለም ርጭት ካለ ተቀብቷል ማለት ነው፤ በደንብ ሳይያዝ የተቀባ ቀለም ፊልሙ በሚነሳበት ቀን አብሮ ይነሳል።

በአንድ መርጫ 1 ሊትር ውሃ ከ3 ወይም 4 ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ጋር ያዘጋጁ፤ ይህ ፊልሙን ያንሸራትታል። በሌላው 9 እጅ ውሃና 1 እጅ አልኮል፤ ይህ ጠርዙን ያስይዛል። ውሃው ነዳጅ ማደያ ለባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ይሁን፤ አሲዱ እንዳይሰጥዎ ጠርሙሱን ያንብቡ። ዝግ ጋራዥ ውስጥ፣ በማለዳ፣ ወለሉን ውሃ ረጭተው ይሥሩ፤ ከፊልሙ ስር የገባ አንድ የአሸዋ ቅንጣት እስከ መጨረሻው ይታያል። ቬንትሌተር ይዘጋ።

ኮፈኑን በአልኮል ያጽዱና በሻምፖው ውሃ በደንብ ያርጥቡ። አንዱ ፊልሙን ከጀርባው ወረቀት ሲለይ ሌላው የሙጫውን ፊት እየረጨ ይከተል፤ ጣትም ይረጠብ፣ የደረቀ ጣት ዱካ አይለቅም። ፊልሙን አንሳፈው ቦታውን ያስይዙ፣ ከመካከል ወደ ዳር በላስቲክ መጫኛ ውሃውን ያስወጡ። መጫኛው ሲጎተት ከተንጫጫ ውሃ አንሷል። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ገልጠው የአልኮሉን ውሃ ይርጩ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይጫኑ። ሽብሽብ ከተፈጠረ በግድ አይጨፍልቁት፤ ያንሱ፣ ይርጩ፣ እንደገና ያስተኙ። ፊልሙ ከኮፈኑ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ያብቃ፤ ጠርዝ ላይ የደረሰ ፊልም በንፋስና በላቫጆ ውሃ ይገለጣል። መኪናው ላይ በምላጭ አይቁረጡ፤ ምላጩ የሚተወው ሰንበር የዝገት መግቢያ ነው። ትንንሽ የውሃ ኩሬዎች በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ፤ አየር ግን አይጠፋም፣ በዚያው ሰዓት ይውጣ።

ከዚያ በኋላ

ለ7 ቀን አይታጠብ። በላቫጆ የግፊት ውሃው ከ50 ሳንቲ ሜትር አይቅረብ፣ በጠርዙ አቅጣጫም አይተኩስ። የነፍሳት ቅሪትና የወፍ ኩስ አሲድነት ስላላቸው በእርጥብ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሸፍነው ካለሰለሱ በኋላ ያንሱ። ከፊት ጎማዎች ኋላ የጭቃ ጎማ ያስገጥሙ፤ በሮቹን ከራስዎ ጎማ ጠጠር ያድናል።

ርቀት ገንዘብ አያስወጣም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3 ሰከንድ ርቀት ማለት 67 ሜትር ገደማ ነው። ከ80 ወደ 100 ሲጨምሩ የቆመ ጠጠር እንኳ የሚመታዎት ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ከአይሱዙ ጀርባ ተለጥፎ ደንገጎን መውጣት የትኛውንም ፊልም ይጎዳል።

ፊልሙ ዳር ዳሩ ቢጫ ሲሆን ወይም ሲሰነጠቅ አይዘግዩ፤ በቆየ ቁጥር ለማንሳት ያስቸግራል። ቀዝቃዛ ሳለ አይጎተት። ኮፈኑ በቀትር ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ከአንድ ጥግ ይጀምሩና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላው አጥፈው፣ ለኮፈኑ አስጠግተው፣ ቀስ እያሉ ይሳቡ። የቀረው ሙጫ በአልኮል ይለቃል።