የውሃ ሞተሩ አልነሳም ሲል፣ ተነስቶም ውሃ አልሰጥም ሲል

ዝናቡ አባርቶ የሽንኩርትና የቲማቲም መስኖ ሲጀመር፣ ከአዋሽ ዳር በባጃጅ እየተጫነ አዳማ ጋራዥ የሚገባው የውሃ ሞተር ይበዛል። "ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል"፣ "ቫልቩ ነው" እየተባለ የሚፈታው አብዛኛው ግን መፈታት የማያስፈልገው ነው። ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፤ ችግሩ በሞተሩ በኩል ነው ወይስ በፓምፑ? ሞተሩ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠርጥሩ። ተነስቶ ውሃ ካልሰጠ ደግሞ ከወንዙ የሚስበውን ቱቦ። እዚህ የምናየው በብዛት የሚሠራበትን ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ነው።

ገመዱ ይሳባል፣ ሞተሩ አይነሳም

ሩቢኔቱ (የቤንዚኑ መክፈቻና መዝጊያ) መከፈቱን፣ ማብሪያ ማጥፊያው መብራቱን፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ ቾኩ (የአየር መዝጊያው) መዘጋቱን እዩ። የሚያስቅ ይመስላል እንጂ በዚህ ምክንያት ጋራዥ የሚመጣ ሞተር አለ። ከዚያ ጥቂት ጊዜ ገመዱን ስባችሁ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱ። ወደየት እንደምትሄዱ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ወራት ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቀልበት ክፍል) ውስጥ የተቀመጠ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ዝቃጩም ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀጭን የናስ ቀዳዳ፣ ይደፍነዋል። ሩቢኔቱን ዝጉ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ፈታችሁ ጽዋውን አውርዱ። ቤንዚኑ ቢጫ ሆኖ የቀለም ሽታ ካለው አርጅቷል፤ ከሥሩ የሚንከባለል ጠብታ ካያችሁ ውሃ ነው። ጂግለሩን ፈታችሁ ወደ ብርሃን አሳዩት፤ ክብ ሆኖ ጥርት ያለ ቀዳዳ መታየት አለበት። ካልታየ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ጥረጉት፣ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁም በአየር አስነፉት። መርፌ አትጠቀሙ። መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን ሲጠጣ ይኖራል።

ጂግለሩን አጽድታችሁ ያንኑ ቤንዚን መልሳችሁ ብትሞሉ ግን ትርፉ ድካም ነው። በተለይ ከማደያ ሳይሆን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ከሆነ ፈትሹት። ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ አድርጋችሁ ለጥቂት ጊዜ ሳትነኩት አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከታች ይለያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹህ ቤንዚን በንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት የመሰለ ምልክት ይተዋል። በሰኔ ሞተሩን ስታስቀምጡ ሩቢኔቱን ዘግታችሁ እስኪጠፋ ድረስ ማሠራት ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ያኔ ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚደርቅ ቤንዚን አይኖርም።

ካንዴላው እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ እሳት የለውም። ካንዴላውን አድርቁ፣ ሩቢኔቱን ዝጉ፣ ቾኩን ክፈቱ፣ ገመዱን ደጋግማችሁ ሳቡ። ከዚያ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጠርጋችሁ፣ ካንዴላውን ቆቡ ውስጥ እንዳለ ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩና ሳቡ። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ደህና ነው። ከሌለ ክፍተቱን ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ሞክሩ፣ እምቢ ካለ አዲስ ግዙ። አዲሱም ካልበራ ወደ ኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ወደሚልከው) ከመሮጣችሁ በፊት ዘይቱን እዩ፤ ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲያንሳቸው እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው።

ተነስቶ ይሠራና ይጠፋል

መጀመሪያ የሰርባቶዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ክዳን አላሉ። ወዲያው ከተስተካከለ የክዳኑ አየር ማስገቢያ ተደፍኗል። ሌላው ምክንያት የወንዙ ዳርቻ ነው፤ ሞተሩ ተዳፋት ላይ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ መቆጣጠሪያውም ዘይት አለቀ ብሎ ያጠፋዋል። መሬቱን በዶማ አስተካክላችሁ አስቀምጡትና የዘይት መለኪያውን ሳታጠብቁ አስገብታችሁ እዩ። ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር የሚይዘው 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ መጉደል ብዙ ነው።

ጥቁር ጭስ ከወጣ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል ወይም ቾኩ እንደተዘጋ ነው። ፊልትሮውን አውጥተው ጥለው "አሁን ተነፈሰ" የሚሉ አሉ፤ በአዳማ ንፋስና አቧራ ይህን ማድረግ ፋሻውን በገዛ እጅ መፍጨት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ዘይቱን ከመጠን በላይ ካልሞላችሁት ያኔ በእርግጥ ጋራዥ ውሰዱት።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ የለም

ፓምፑ ራሱ በውሃ ሳይሞላ አይስብም። ከላይ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ ሙሉት። ሞልታችሁም ካልሳበ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ይህ ቀዳዳ አሳሳች ነው፤ ውሃ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይጠጣል እንጂ። ስለዚህ በዓይን አይገኝም። ሞተሩ እየሠራ ፋሼታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ያለበትን መገጣጠሚያ በሙሉ በወፍራም ጭቃ ለጥፉ። አንዱ ጋ ስትለጥፉ ውሃው ብቅ ካለ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ ለጊዜው የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ጠምጥማችሁ ፋሼታውን አጥብቁ። በቱቦው ጫፍ ያለው ወንፊትም ጭቃ ላይ እንዳይተኛ በድንጋይ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ከፍ አድርጉት።

ሁሉም ደህና ሆኖ ካልሳበ ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለውን ከፍታ ለኩ። ፓምፑ ላይ 8 ሜትር ተብሎ የተጻፈው ለባህር ጠለል ነው። አየር በባህር ጠለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ይገፋል፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ባለችው አዳማ ግን ወደ 8.5 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከዚያ ላይ ቱቦውና ፓምፑ የሚበሉት ሲቀነስ፣ ፓምፑን ከውሃው ከ5 እስከ 6 ሜትር በላይ ከፍ አድርጋችሁ አታስቀምጡ። መፍትሄው ሞተሩን ወደ ውሃው ማቅረብ ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ግን በፍጹም አይደለም። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደው ሰው እዚያው ይቀራል፣ ሊያወጣው የወረደውም እንዲሁ።

በሞተሩና በፓምፑ መካከል ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሲሉ (ውሃ እንዳያልፍ የሚይዘው ባለ ሴራሚክ ማሸጊያ) አልቋል። የሚበላው የቆቃን ግድብ አቅም የቀነሰው ያው የአዋሽ ደለል ነው፣ አልያም ያለ ውሃ መሽከርከር። ደርቆ የጋለ ፓምፕ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋችሁ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ስትቀይሩ ሁለቱንም ወገን አብራችሁ ቀይሩ። የድሮውን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚፋተገውን ገጽ በዘይት እጅ አትንኩ፣ ከገጠማችሁ በኋላም ውሃ ሳትሞሉ ለሙከራ እንኳ አታስነሱት።